የፉሪ ሰዓት

ያን ሐሙስ ጠዋት ቡራዩ ቢሮ ስደርስ ጫማዬ በጭቃ ከብዶ ነበር። ነሐሴ ከገባ ሳምንቱ ነው፤ ከታክሲ መውረጃው እስከ እኛ ግቢ ያለው መንገድ ክረምት ሲገባ መንገድነቱ ይቀራል። በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን በካርቶን ስጠርግ የጥሪ ክፍሉ ተከፈተና ጥሪ ተቀባይዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ነይማ፣ ቶሎ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አዋላጅ ነርስ ሆና አሥር ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ ሲከፋም ሲጨንቅም ድምፅዋ ያው ነው። «ቶሎ» የሚለውን ቃል ግን ከአፏ ሰምቼው ስለማላውቅ ካርቶኑን እዚያው ጥዬ ገባሁ።

እኔ የሦስት ማሰራጫዎች ቴክኒሻን ነኝ። አንዱ ፉሪ ኮረብታ ላይ ሆኖ ሰበታን ያያል፤ አንዱ ከቡራዩ በላይ ነው፤ ሦስተኛው ሱሉልታ፣ ንፋሱ ሰው የሚጥልበት ሸንተረር ላይ ነው። በሦስቱ ከተሞችና በመካከላቸው ባለው ገጠር የሚዞሩት አምቡላንሶች ከቡራዩ ጥሪ ክፍል ትእዛዝ የሚቀበሉት በእነዚህ ነው። ስልክማ ሁሉም ሹፌር አለው። ግን ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩም ተከትሎት ይጠፋል፤ ሬዲዮው የተገዛው ለእንደዚያ ያለ ቀን ነው።

ሦስቱ ማሰራጫዎች አንድ ቃል፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በአንድ ጊዜ ነው የሚለቁት። ሹፌሩ ከሰበታ ተነሥቶ ሱሉልታ እስኪገባ አንዲት ቁልፍ መንካት የለበትም። አስቸጋሪው «በአንድ ጊዜ» የሚለው ነው። ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ተራርቀው ተሰቅለው አንድ ስብከት ሲያስተላልፉ ከአንዱ አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉን ይሰማል፤ መሀል ላይ የቆመው ግን አንዱ ቃል ሌላው ላይ እየወጣበት ምንም አይለይለትም። ሬዲዮም እንዲሁ ነው፤ የጊዜው ልክ ብቻ እጅግ ጠባብ ነው። ሞገዱ አንድ ኪሎ ሜትር የሚሄደው በሦስት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ማሰራጫዎቹ ሰዓታቸውን ከሳተላይት እየወሰዱ፣ አንዱ ሌላውን በሚሊዮንኛ ሰከንዶች እየጠበቀ ነው የሚናገሩት። የእኔ ሥራ ያንን ጥበቃ መለካትና እንዳይዛነፍ መከታተል ነበር።

«የሦስት ቁጥር አምቡላንስ ሹፌር አይሰማኝም» አለችኝ ጥሪ ተቀባይዋ፣ ወንበር እየሳበችልኝ።

ከድምፅ ማጉያው የሹፌሩ ድምፅ መጣ፣ ጥርት ብሎ። «ማዕከል፣ ድገሚው። ድምፅሽ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም። በርሜል ውስጥ ሆነሽ የምታወሪ ነው የሚመስለው።»

ከሹፌሩ ድምፅ ኋላ ሌላ ድምፅ ነበረ። የሴት ነው። ለቅሶ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ የሚቆይ፣ እየተቋረጠ የሚቀጥል ማቃሰት ነው። ጥሪ ተቀባይዋ ዓይኗን ከማይክሮፎኑ ላይ ሳታነሣ ነገሩን ባጭሩ ነገረችኝ። ሴትዮዋ ከመናገሻ በታች ካለ የገበሬ መንደር የተነሣች ናት። ምጥ ከያዛት አንድ ቀን አልፏታል፤ ከንጋት ጀምሮ ደም እየፈሰሳት ነው። ሹፌሩ ወደ እኛ በኩል ይዟት እየመጣ ነው። ነገር ግን የቡራዩ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ አሁን ሌላ በሽተኛ ገብቶበት ለሁለት ሰዓት እንደማይለቀቅ በመስመር ስልክ ነግረዋታል። በሰበታ በኩል ያለው ሆስፒታል ግን ሐኪሙ እጁን ታጥቦ እየጠበቀ ነው። መንገዱ ከመናገሻ በታች ይገነጠላል፤ አንዱ ወደ ቡራዩ፣ አንዱ በጫካው ሥር አድርጎ ወደ ሰበታ። ሹፌሩ መገንጠያው ላይ ሳይደርስ ሊነገረው ይገባል። የሹፌሩን ስልክ ሃያ ጊዜ ያህል ሞክራዋለች። እዚያ አካባቢ ከትናንት ጀምሮ ኔትወርክ የለም።

እሱን እኛ እንሰማዋለን፣ እሱ እኛን አይሰማም። ይሄ ነገሩን ከባድ አደረገው። የእሱ ጥሪ በተሻለ ከተቀበለው ማማ ብቻ ተመርጦ ስለሚመጣልን ጥርት ያለ ነው፤ የእኛ ግን ከሁለት ኮረብታ ወጥቶ እሱ ያለበት ቦታ ላይ ይጋጫል።

ማይክሮፎኑን ይዛ ቃል በቃል፣ በጣም በዝግታ፣ «ወደ ሰበታ ሂድ» አለችው። ሦስት ጊዜ።

«አልገባኝም» አለ ሹፌሩ። «ወደ ቡራዩ እየመጣሁ ነው። ፍጠን ነው የምትይኝ መሰለኝ፤ እየፈጠንኩ ነው።»

ወደ መከታተያው ኮምፒውተር ዞርኩ። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፤ ሦስቱም ማሰራጫዎች ደህና ነን ይላሉ። ምክንያቱን ከማስታወሴ በፊት እጄ ድምፃቸው የታፈነባቸውን አላርሞች ዝርዝር ከፍቶ ነበር። አንድ መስመር ብቻ አለበት። ፉሪ፣ ሳተላይት የለም፣ ከማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ።

ያፈንኩት እኔ ነኝ። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት የፉሪ አላርም ዝናብ በጣለ ቁጥር መጮህ ጀምሮ ነበር። አንድ ማገናኛ ላልቶ ውሃ ስለሚገባው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሳተላይት ይጠፋበትና ይመለሳል፤ ጉዳት የለውም። ግን ጩኸቱ ጥሪ ክፍሉን አወከው። ሰኞ ሄጄ አጠብቀዋለሁ ብዬ አላርሙን አፈንኩት። ሰኞ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ አልሄድኩም። ማክሰኞ ሱሉልታ ሌላ ሥራ ነበረኝ። ከዚያ ረሳሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ረሳሁት።

የፉሪ ሰዓት ሳተላይት ባያይም ለአንድ ቀን ያህል በራሱ በደንብ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይዛነፋል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች እንዲህ ሲሆኑ በራሳቸው ይዘጋሉ፤ የእኛ አሮጌ ስለሆነ እየተሳሳተም ይናገራል።

«ፉሪ ነው» አልኳት። «እናጥፋው። ቡራዩ ብቻውን ሲሆን ይሰማሻል።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አወቅሁ። ላጥፋው?»

እጇን እጄ ላይ አደረገች። አንድ ቁጥር አምቡላንስ ሰበታ ውስጥ ነበር፤ እጁን ማሽን የያዘው የፋብሪካ ሠራተኛ ጭኗል። እዚያ ፉሪ ብቻ ነው የሚደርሰው። ካጠፋነው እሱ ደንቆሮ ይሆናል። መጀመሪያ እሱን ጠራችው። «አንድ ቁጥር፣ ለትንሽ ጊዜ ልጠፋብህ ነው። ሆስፒታል አድርሰውና እስክጠራህ ከግቢው እንዳትወጣ።» ሹፌሩ እሺ እህቴ አላት፤ ያለምንም ችግር ሰምቷታል። ከድምፅ ማጉያው አጠገብ እንደቆመው ሰው ማለት ነው። ከዚያ እጇን አነሣችልኝ። ፉሪን አጠፋሁት፤ እሷ ወደ ሦስት ቁጥር ተመለሰች።

ጠራችው። መልስ የለም። ደግማ ጠራችው። መልስ የለም። አሁን ጭራሽ ድምፃችን እንኳ አልደረሰውም ማለት ነው፤ ያለዚያ አልሰማሁም ይል ነበር።

ያንን መንገድ በእግሬ አውቀዋለሁ። ከሁለት በጋ በፊት መለኪያ ይዤ ሄጄበታለሁ። አንድ ወንዝ አለ፤ መንገዱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ቡራዩን ጋራው ይጋርደዋል፣ ፉሪ ብቻ ይገባል። ወጣ ሲል ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲህ ቡራዩ ይበረታል። ሹፌሩ የት እንዳለ ግን አናውቅም። አንዱን መርጠን ብንጠብቅ ምናልባት የመረጥነው የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው።

«እያፈራረቅን እንላክ» አልኳት። «አንዴ በፉሪ ብቻ፣ አንዴ በቡራዩ ብቻ። ሁለቱ አብረው ካልወጡ አይጋጩም። የትም ቢሆን አንዱ ይደርሰዋል።»

አላቅማማችም። እኔ ፉሪን ከፍቼ ቡራዩን ዘጋሁ፤ እሷ፣ «ሦስት ቁጥር፣ ወደ ሰበታ ዙር፣ ወደ ሰበታ» አለች። ዘግቼ ሌላውን ከፈትሁ፤ ያንኑ ደገመች። አንዱ ለመዘጋት ሌላው ለመከፈት ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ያቺ ጥቂት ሰከንድ አታልቅም። ስንት ዙር እንደሆነ አልቆጠርኩም። በአንዱ መሀል ላይ ሹፌሩ ገባ።

«ወደ ሰበታ ነው ያልሽው?»

«አዎ። ሰበታ። ሐኪሙ እየጠበቀ ነው።»

«መገንጠያውን ካለፍኩ ቆየሁ እኮ» አለ።

«ተመለስ» አለችው።

መኪናው ሲዞር፣ ጭቃው ላይ ሲጎተት፣ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ከፍ አድርጋ ስትጮህ ሰማን። ከዚያ ሹፌሩ ማይክሮፎኑን ለቀቀው።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። አምቡላንሱ ወደ ሰበታ በሄደ ቁጥር ከቡራዩ እየራቀ ወደ ፉሪ ይጠጋል፤ ሱሉልታና ቡራዩ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሁለት መኪኖች ይጠራሉ። እያፈራረቁ ቀኑን ሙሉ መሥራት አይቻልም። የፉሪን ሰዓት የሚያስተካክል ሰው እዚያው መሄድ አለበት። የትኛውን ቁልፍ በየትኛው ተራ እንደምትጫን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩላትና የፒክአፑን ቁልፍ ይዤ ወጣሁ።

በአሸዋ ሜዳ ወጥቼ፣ አየር ጤናን አልፌ፣ በካራ ቆሬ ወረድኩ። ዝናቡ መጥረጊያውን አሸንፎታል። መኪናው ላይ ባለው ሬዲዮ የጥሪ ተቀባይዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ አንዴ በፉሪ በኩል፣ አንዴ በቡራዩ በኩል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የሹፌሩን ግን የሚቀበለው ማዕከሉ ብቻ ስለሆነ መኪና ላይ ያለ ሬዲዮ አይሰማም። ስለዚህ ያንን ሁሉ መንገድ የወሬውን ግማሽ ብቻ እየሰማሁ ነው የነዳሁት።

«እሺ» ትላለች። «ወንዙ ሞልቷል እንዴ?» ከዚያ ዝም። «እለፈው፣ ግን ቀስ ብለህ።» ከዚያ ረጅም ዝምታ። አንድ ሲኖትራክ ጭቃ ረጭቶብኝ አለፈ። «እግሯን ከፍ አድርጉላት። ባልዋ ይያዛት።» እንደገና ዝም። «ትተነፍሳለች?»

የዚያችን መልስ አልሰማሁም። መሪውን ይዤ ጮክ ብዬ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ምን አለሽ፣ ምን አለሽ እያልኩ ነበር።

ፉሪ ኮረብታ ሥር ስደርስ መኪናው አልወጣም አለ። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁት። በሩ ላይ ጥበቃው ቆመዋል። የዚያው የፉሪ ገበሬ ናቸው፤ ማማው የቆመበት መሬት ጥግ ከማሳቸው ጋር ይዋሰናል። ሁላችንም በአክብሮት ኦቦ ነው የምንላቸው፤ እሳቸው እኔን ልጄ ይሉኛል። «አካም ቡልቴ፣ ልጄ» አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ ለማለት እጃቸውን ዘርግተው። እዚያ አገር ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ነው፣ ልጅ እግር ስትሆኚ ደግሞ ይብሳል። አለፍኳቸው። ወደ መሣሪያው ቤት ሄጄ ቀና ስል አየሁት።

የሳተላይቷ አንቴና የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለች፣ ጡጫ የምታህል ነጭ ነገር ናት። እሷ ትታይበት በነበረው ቦታ ላይ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ተደፍቶ፣ ንፋስ እንዳይጥለው ድንጋይ ተጭኖበታል።

«እሱን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ከኋላዬ፣ ደስ ብሏቸው። ማክሰኞ ከሰዓት የወረደው በረዶ እሸት የያዘውን ባቄላቸውን ማጨዱን፣ የጎረቤት ጣሪያ መብሳቱን ነገሩኝ። ያቺ ነጭ ነገር እንቁላል ነው የምትመስለው፤ እኔ ስመጣ ስንት ጊዜ ስጠርጋት ስላዩ ውድ መሆኗን አውቀዋል። በረዶው እንደጀመረ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል ላይ ወጥተው ነው የከደኗት።

መሰላሉን አቁሜ ወጣሁና ቆርቆሮውን አነሣሁት። አንቴናዋ ደረቅና ንጹሕ ነበረች። ወርጄ ላፕቶፑን ሰካሁ። የሳተላይቶቹ ቁጥር ዜሮ። ከዚያ አንድ። ከዚያ ሦስት። አምስት ሲሆን ሰዓቱ መታረም ጀመረ። የተሳሳተበትን መጠን አየሁት፤ የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ አይሞላም ነበር። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ድረስ ያን ያህል ጊዜ ብዙ መቶ ጊዜ ያልፋል።

መሣሪያው እርማቱን ጨርሶ እስኪረጋ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። በዚያ መሀል ኦቦ ቆርቆሮውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊቴን አይተው ገብቷቸዋል። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አንቴናዋ ሰማይ ካላየች ሰዓቱ እንደሚሳሳት፣ ሰዓቱ ከተሳሳተ አምቡላንሱ ትእዛዝ እንደማይሰማ ነገርኳቸው። በአምቡላንሱ ውስጥ ማን እንዳለም ነገርኳቸው። ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ቀስ ብለው፣ እንዳይጮህ።

«በእኔ ምክንያት የሞተ ሰው አለ?» አሉኝ።

«አላውቅም ኦቦ» አልኳቸው።

እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። ግን የምናገረው ሌላ ነገር ነበረኝ፤ አልተናገርኩም። ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሬ ቁጥሮቹን ማየት ቀጠልኩ። ቁጥሮቹ አንገቴን እንድደፋ ምክንያት ሆኑኝ።

ሰዓቱ ሲረጋ ጥሪ ተቀባይዋን በሬዲዮ ጠራኋት። ፉሪ ተመልሷል፣ ሦስቱንም አብረሽ ክፈቺ አልኳት። ከፈተች። ድምፅዋ አንድ ሆኖ መጣ። ሌሎቹን መኪኖች አንድ በአንድ ጠርታ አረጋገጠች። ከዚያ ሦስት ቁጥርን ጠየቅኳት።

«ደርሷል» አለች። «ገብታለች።» ሌላ አልጨመረችም።

ከሰዓት በኋላ ነው የሰማነው። እናትየዋ ተርፋለች። ልጁ፣ ወንድ ነበር፣ ሞቶ ተወለደ። ሐኪሙ ከመንደሯ ሳትነሣም ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ መንገድ ላይም ሊሆን ይችላል፣ መለየት አይቻልም ብሏል። ያን «መለየት አይቻልም» ስንት ሌሊት ይዤው እንዳደርኩ እኔ አውቃለሁ። አምቡላንሱ ተመልሶ የሄደበትን መንገድ በኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በደቂቃ እየመነዘርኩ እተኛለሁ፤ ስነቃም እዚያው ነኝ።

ዓርብ ዕለት አለቃችን ስብሰባ ጠራ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ መልስ እየተጠየቀ ስለነበር ተጨንቋል። ምን እንዳገኘሁ ጠየቀኝ። አንቴናዋ በቆርቆሮ ተከድና ነበር አልኩት። ማን እንደከደናት ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጻፈው። ከዚያ እስክሪብቶውን አቆመና፣ «ከዚህ ሌላ ያየሽው ነገር አለ?» አለኝ።

ጥሪ ተቀባይዋ ከጎኔ ተቀምጣለች። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ፣ «የለም» አልኩ።

በዚያው ቀን ኦቦ ከሥራ ታገዱ። የመሣሪያ ቤት ቁልፍ ከእጃቸው እንደተቀበሉና የሕፃኑን መሞት እንደነገሯቸው ሰማሁ። ቅዳሜና እሑድ ሰበታ እናቴ ቤት ሆኜ ለሁሉም ሰው ሥራ በዝቶ ደክሞኛል አልኩ። እናቴ የፍልሰታ ሽሮ አቅርባ ትክ ብላ አየችኝ፤ አልጠየቀችኝም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ጥሪ ተቀባይዋ ሰሃኗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ሰሃኗን እያየች፣ «ፉሪ መሆኑን እንዴት እንዳወቅሽ እስካሁን አልነገርሽኝም» አለች።

ነገርኳት። እንደማውራት እንኳ አልነበረም፤ ተበትኖ ነው የወጣው። አላርሙ፣ ሰኞ፣ ጎርፉ፣ መርሳቴ።

«ያን ጩኸት ዝም አሰኚልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «ከሐሙስ ጀምሮ እሱን እያሰብኩ ነው። አንቺ መቼ ትናገሪያለሽ እያልኩ ስጠብቅ እኔም አልተናገርኩም።»

«አንቺ ጩኸቱን ነው ያልሽው» አልኳት። «አላርሙን መክፈት የእኔ ሥራ ነው።»

«እኔም የራሴን እናገራለሁ» አለች፣ ተነሥታ ሰሃኗን ወሰደች።

ከምሳ በኋላ አለቃው ዘንድ ገብቼ ዓርብ ያልነገርኩት ነገር እንዳለ ነገርኩት። ሪፖርቱ ሄዷል አለኝ፤ አሁን ብንቀይረው ሁላችንንም ያስጠይቀናል፣ ሽማግሌው በሌላ ቦታ ሥራ እንዲያገኙ እናደርጋለን አለ። አንድ ገጽ ጽፌ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቆሞ አነበበው። አላርሙ የታፈነበት ቀንና ሰዓት፣ ያፈነው ሰው ስም፣ አላርሙ ክፍት ቢሆን ማክሰኞውኑ በስልክ ቆርቆሮው ይነሣ እንደነበር። ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«ለምን ዓርብ አልነገርሽኝም?» አለኝ።

ፈርቼ ነው አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የሚልከው ወይም የማይልከው መሆኑን አልነገረኝም።

በነጋታው ፉሪ ሄድኩ። የኦቦ ቤት ከኮረብታው ሥር ነው። ከበረዶው የተረፈውን ባቄላ እየነቀሉ በሩ ላይ ይከምራሉ። ሲያዩኝ ሊነሡ ሲሞክሩ ጉልበታቸውን ይዘው በመጀመሪያው አልተነሡም፤ በሁለተኛው ነው የቻሉት። ዛሬ ሰላምታውን በደንብ መለስኩ፤ ስለ ቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ልጆች ጠየቅሁ። በርጩማ አወጡልኝ።

ምንም ሳልሸፍን ነገርኳቸው። መሣሪያው ቆርቆሮው በተደፋበት ሰዓት ጮኾ እንደነበር፤ ጩኸቱ ወደ እኔ እንደመጣና አፉን የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም እንዳልሰማው። ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ደውዬ «ኦቦ፣ ያንን አንሡት» እል ነበር፣ ያኔ ሐሙስ የደረሰው ነገር አይደርስም ነበር አልኳቸው። ዓርብም ተጠይቄ ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። ይሄኛው ከሁሉም ከበደኝ።

አልተቆጡም። ከቤት ውስጥ ሚስታቸው በኦሮምኛ ማን እንደመጣ ጠየቁ፤ ኦቦ በእጃቸው የነበረውን ባቄላ ክምሩ ላይ አኖሩ።

«አራት ቀን» አሉ በመጨረሻ። «አራት ቀን ነፍስ አጥፍቻለሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ስግደት ሰጡኝ።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

አሁን ይቅርብዎት፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር።

«እጨርሰዋለሁ» አሉ። «ሕፃኑ ሞቷል አይደለም? ለሱ ይሁን።» ትንሽ ቆይተው፣ «አንቺ ግን ሳትደውዪ፣ በእግርሽ መምጣትሽ ደግ ነው» አሉኝ። ባቄላ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። እንቢ ማለት አልቻልኩም።

አለቃችን ወረቀቱን ልኮት ኖሯል። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የመከታተያው ኮምፒውተር ኃላፊነት ለሌላ ቴክኒሻን ተላለፈ፤ ለስድስት ወር ሱሉልታ ተመደብኩ። ለጥሪ ተቀባይዋም በቃል ተነገራት። ማንም ሰው አላርም ብቻውን እንዳያፍን፣ ካፈነም በምን ቀን እንደሚከፍተው እንዲጽፍ ደንብ ወጣ። የፉሪን ማገናኛ ራሴ ሄጄ አጠበቅሁት፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

እናትየዋን አግኝቻት አላውቅም። አንድ ጊዜ ሱሉልታ ከመሄዴ በፊት እስከ መገንጠያው ነዳሁ፤ መንደሯን ጠይቄ ልገባ ነበር ሐሳቤ። ምን ብዬ እንደምገባ ሳስበው መኪናውን አዞርኩ። እዚያ ላይ ልክ ነበርኩ ወይስ ፈርቼ ነው፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ኦቦ መስቀል ካለፈ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሱሉልታው ስድስት ወር ካለቀ ወዲህ በወር አንዴ ለልኬት ስሄድ በሩን ይከፍቱልኛል፣ መሰላሉን ይይዙልኛል፣ ያየሁትን ቁጥር ይጠይቁኛል፤ ስንት ሳተላይት እንደታየ ካልነገርኳቸው አያስወጡኝም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ልጄ አይሉኝም። «እንዴት አደሩ፣ ይግቡ» ይሉኛል፣ በአያቴ ዕድሜ ያሉ ሰውዬ፣ በአንቱታ። ባለፈው ሰሞን አፍሬ፣ ኦቦ እባክዎ እንደ ድሮው አንቺ ይበሉኝ አልኳቸው። መሰላሉን ግድግዳው ላይ እያስደገፉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ይልመዱት» አሉኝ።